የባዝራዋ ልብስ

ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ድምፅ ነበር። መርማሪ አዮኒ ስትራውድ የፓርኩን በር አልፋ ቁልቁል ስትነዳ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት፣ ከመኪናዋ መብራት ፊት ከጥቂት የጥድ ግንዶች በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ባዝራ ታሽካካለች። ትጮህና ዝም ትላለች፤ መልስ የምትጠብቅ ትመስላለች፤ መልስ ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ትጀምራለች። አዮኒ በፈረሶች መካከል ያደገች ሴት ናትና ጩኸቱን ለየችው። የርሃብ አይደለም። ጓደኞቿን የወሰዱባት ፈረስ ጩኸት ነው።

እንደ ጠረጠረችውም ሆኖ አገኘችው። በፔይንት ሆሎው ፓርክ የፈረሰኞች መስፈሪያ፣ በሁለት የባሉጥ ዛፎች መካከል ከሰው ራስ ከፍ ብሎ የተወጠረ ወፍራም ገመድ አለ። ሌሊት ፈረሶቹ የሚያድሩት እሱ ላይ ታስረው ነው። ትናንት ማታ አራት ፈረሶች ተሰልፈውበት ነበር፤ አሁን ሦስቱ ከመኪኖቹ ኋላ ተወስደው፣ የቀረችው ዳልያ የምትባለው ዳማ ባዝራ ብቻ ናት። ሰማያዊ የብርድ ልብሷን እንደ ለበሰች ቆማለች። ከአጠገቧ ካለው ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ፈረሰኞች ተራጋጭ ፈረስ ሲኖራቸው ከኋላ የሚመጣው ሰው እንዲጠነቀቅ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፤ የሚያስሩት ግን ጭራው ላይ ነው እንጂ ዛፍ ላይ አይደለም።

ከባዝራዋ ኋላ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሸራ የተጣለበት ሰው ተጋድሟል።

ሟቹ ሮይስ ታከት ነበር። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ቤተሰቡንና ወዳጁን ሰብስቦ፣ ፈረሶቹን በተሳቢ ጭኖ እዚህ ይሰፍራል፤ ዓመት አሳልፎ አያውቅም። ሚስቱ ሌኖራ ባለፈው ዓመት በበረዶው ወራት በካንሰር ሞታለች። ዳልያ የሌኖራ ባዝራ ነበረች። ዘንድሮ ከሮይስ ጋር የመጡት ልጁ ቴሳ፣ የሌኖራ እህት አርዲት፣ እና የልጅነት ጓደኛው ዌልደን ፕራየር ናቸው። ሌላ ሰፋሪ አልነበረም። ከነሱ ሌላ በዚያ ሌሊት እዚያ ያደረው በበሩ አጠገብ፣ ቤት ሆና በተሠራች መኪናው ውስጥ የሚኖረው የመስፈሪያው ተቆጣጣሪ ሲፕስ ብቻ ነው።

አዮኒ ሸራውን ገልጣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከጆሮው በላይ፣ ጎበጥ ያለ የብረት ጠርዝ የገባበት ቁስል አለ። ሸራውን መልሳ አለበሰችው፤ እንደ ተኛ ሰው ትከሻው ድረስ፣ ቀስ ብላ።

«ይሄ ምንም ምርመራ የሚፈልግ ነገር የለውም» አላት ዌልደን። ሙያው በፈረስ ሰኮና ላይ የብረት ጫማ መምታት ነው፤ ትልልቅ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ብብቱ ውስጥ ይከታቸዋል። «ሲመሽ ሞቃት ነበር፤ ማንም ፈረሱን ሳያለብስ ነው የተኛነው። ሌሊት ውርጭ ወረደ። ሮይስ ሊያለብሳት ተነሣ፣ በጨለማ ከኋላዋ ሲመጣባት ደነገጠችና ረገጠችው። ቁስሉን አይተውታል። የፈረስ ጫማ ነው። በጸደይ አራቱንም እግሯን የመታሁላት እኔ ነኝ።»

«ከዚህ በፊት ሰው ረግጣ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ቀዩን ጨርቅ ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ። ጭራዋ ላይ ነበር ማሰር የነበረብኝ።» ወደ መሬት አየ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረስ እግር ጭኔ ላይ አድርጌ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ዛሬ ግን ከኋላዋ መቆም አቃተኝ።»

ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙን ደውሎ እንደ ጠራው ነገራት። ከቀትር በፊት ይደርሳል። ሰው የገደለች ፈረስ ተጭና ወደ ቤት አትመለስም፤ በነሱ ዘንድ ይህ ደንብ ነው፣ የሚከራከርበትም የለም። ዌልደን ሐኪሙ የሞት መርፌውን ይዞ ሲመጣ ሬሳው ተነሥቶ እንዲቆይ ፈልጓል፤ ለቴሳ ሁለቱን በአንድ ላይ ማየት እንዳይከብዳት። ስለ ሲፕስ ስትጠይቀው ትናንት ከሮይስ ጋር እንደ ተጨቃጨቁ አልሸሸገም፤ ግን እጁን አወናጨፈ። «ሲፕስን ተይው። እሱ ከፈረስ ጋር የሚተዋወቀው በፋንድያ በኩል ብቻ ነው።» ወዲያው ሴትዮዋን «ተይው» ማለቱ ታወሰውና አንገቱን ደፋ።

ሲፕስም ጭቅጭቁን አልካደም። አንደኛው ፈረስ ገመዱ ላይ ሳይሆን ዛፉ ላይ ታስሮ ቅርፊቱን ሲልጥ አይቶ ሮይስን ተቆጥቶታል፤ ሮይስም አቤት ወዴት ሳይል ፈረሱን ፈትቶ አዛወረው። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ከማንም ጋር መከራከር ትቷል አለ ሲፕስ፤ ሰው ሲቆጣው ደስ የሚለው ይመስል ነበር። ስለ ሌሊቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ጠዋቱ ግን አንድ የገረመውን ነገር አወራ። ሰፋሪዎቹ ማታ ማታ ወደ እንጨት ካስማ ብረት እየወረወሩ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ፤ ብረቶቹ የፈረስ ጫማ አምሳያ ናቸው፣ ከእውነተኛው ግን ይከብዳሉ። ሁልጊዜ ሣር ላይ በትነዋቸው ይተኛሉ። ዛሬ ጠዋት ተለቅመው ካስማው ላይ ተሰክተው አገኛቸው። «ስንት ዓመት ስጮህ ኖሬ» አለ፣ «የሰማኝ ሰው የተገኘው ዛሬ ነው።»

አዮኒ ወደ ጨዋታው ሜዳ ሄዳ ብረቶቹን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። አራት ናቸው። ሦስቱ የደረቀ ቀይ ጭቃ ለብሰዋል። አራተኛው ታጥቧል፤ በታጠበው ላይ ማለዳ ዝገት ጀምሮታል።

ቴሳ ታከት ባልዲ ገልብጣ፣ ማንም በማይደፍረው ቦታ፣ ከባዝራዋ ትከሻ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ገና የኮሌጅ ተማሪ ናት። ያባቷን ኮት ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗቸዋል። አዮኒም ሌላ ባልዲ ፈልጋ አጠገቧ ገለበጠችና ተቀመጠች። ልጅቷ ሳትጠየቅ ጀመረች። እናቷ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግተውላት ነበር፤ ዳልያን እንድታይ። ባዝራዋም ግጦሹን ትታ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ላይ አንገቷን ጥላ ትቆም ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላም አልተወችም፤ እስከ ዛሬም፣ ጠዋት ጠዋት ያንን መስኮት ታያለች።

«እሷ አልገደለችውም» አለች ቴሳ። «እንዴት እንደማውቅ አላውቅም። አውቃለሁ።»

«እሷ ካልሆነች ሰው ነው ማለት ነው፣ የኔ ልጅ። እዚህ ያደረው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ያንን መስማት ትፈልጊያለሽ?»

ቴሳ የባዝራዋን እግር አየች። ከዚያ፣ «እማዬ ሄደች። አባዬ ሄደ» አለች። «እሷን ብቻ አድኚልኝ። የመጣው ይምጣ።»

አዮኒ ብዙ ሰዎች ብዙ ነገር ሲለምኗት ኖራለች። ይህን ልመና ግን ከተቀመጠችበት ስትነሣ ይዛው ተነሣች።

ባዝራዋን በስሟ እየጠራች፣ መዳፏን ከአንገቷ አንሥታ በጀርባዋ፣ በዳሌዋ፣ እስከ ሰኮናዋ አወረደችው። ዌልደን ከሩቅ ሆኖ ሴትዮዋ አብዳለች ሲል ሰማችው። ዳልያ እግሯን ራሷ አንሥታ ሰጠቻት። አዮኒ ሰኮናውን ገልብጣ አየችና ሌላውንም አነሣች። ከዚያ የሰማያዊውን ልብስ ጫፍ ገለጠች። ዳሌዋ ላይ፣ ፀጉሩ ውስጥ የደረቁ የደም ነጥቦች አሉ፤ ገበሩም ላይ ታትመዋል። በውጭ በኩል ግን ልብሱ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ፣ ልብሱ በነፋስ እንዳይገለብ በኋላ እግሮች መካከል የሚያልፉትን ሁለቱን ማሰሪያዎች አየች። ሁለቱም ተቆልፈዋል። የግራው ማሰሪያ የሕፃን ካልሲ የሚመስል፣ በሱፍ ክር የተሠራ ሽፋን ለብሷል። ሽፋኑን ገፋ አደረገችው። ከሥሩ፣ በጭኗ ውስጥ፣ ፀጉር ያልበቀለበት የድሮ የሽቦ ጠባሳ ነበረ።

አርዲት በማደሪያ ተሳቢዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀጭን፣ ፀጉሯ ያለ ጊዜው የሸበተ ሴት ናት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። የአሳማ ሥጋና እንቁላል ጠብሳ ለሁሉም አቅርባ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ሌሊቱን እንቅልፍ ጥሏት እንደ ነበርና የሰማችው ነገር እንደሌለ ነገረቻት። ስለ ባዝራዋ ስትጠይቃት ግን ድምፅዋ ሰለለ።

«እህቴ ስትሞት እጄን ይዛ የለመነችኝ ስለ ሁለት ነው» አለች። «ስለ ልጇና ስለ ባዝራዋ።»

«ሐኪሙ እየመጣ ነው፣ ሰምተሻል?»

አርዲት ወደ ሸለቆው ማዶ አየች። «ሰምቻለሁ።»

«ዝም ትያለሽ ወይ?»

«ምን ልበል?» አለች። ዓይኗ የሄደው ወደ ባዝራዋ አልነበረም፤ ባልዲው ላይ ወደ ተቀመጠችው ልጅ ነው።

ሐኪሙ ሲደርስ ጉሙ ተገፎ ነበር። ቦርሳውን ይዞ ሲወርድ አዮኒ በእጇ ምልክት አስቆመችው፤ ከዚያ ሁሉንም ገመዱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ኋላ የደረሰው ረዳቷ ሰማያዊውን ልብስ ፎቶ አንሥቶ፣ አውልቆ በከረጢት አስቀምጦት ነበር። ዳልያ ራቁቷን ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አርጅታለች፤ የጎድን አጥንቶቿ ይቆጠራሉ።

«አቶ ፕራየር» አለች አዮኒ፣ «ይምጡ፣ የኋላ እግሯን ይዩ። እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ዌልደን እያመነታ ቀረበ። አዮኒ ያነሣችውን ሰኮና ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ጫማው የለም» አለ።

«የምስማሩ ቀዳዳዎች ትኩስ ናቸው። ሁለቱን የኋላ ጫማዎች በሮይስ መኪና፣ በመሣሪያው ባልዲ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ።»

ዌልደን ግንባሩን ያዘ። «ትናንት ዐለቱ ላይ አንዱ ላልቶባት ነበር። እንጨት ለቅሜ ስመለስ እነቅለዋለሁ ብዬው ነበር … ራሱ ነቅሎታል። አንዱን ነቅሎ አንዱን መተው ያነክሳታል ብሎ ሁለቱንም።»

«ብረት ያልተጫማ ሰኮና አጥንት ይሰብራል፤ ግን ያንን ጠርዝ አይተውም። ስለዚህ ዳልያ አይደለችም።»

ቴሳ ፊቷን የባዝራዋ አንገት ውስጥ ቀበረች። አዮኒ ግን እዚያ ላይ ማቆም ብትችል ደስ ባላት፤ አልቻለችም።

«ሮይስ ሊያለብሳት ሲል ሞተ ተባለ። ደሙ ያለው ከልብሱ ሥር፣ ቆዳዋ ላይ ነው። ልብሱ በላይ ንጹሕ ነው። ሲመታ ራቁቷን ነበረች ማለት ነው፤ የለበሰችው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ያለበሳትስ ሰው? ሬሳ እግሩ ሥር ተጋድሞ፣ በጨለማ፣ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ የእግሯን ማሰሪያ ሁለቱንም ቆልፏል። አቶ ፕራየር በቀን ብርሃን ጭራዋ ላይ ጨርቅ ማሰር ፈርተዋል። ያ ሰው ግን ምንም አልፈራም። ሮይስን የገደለችው እሷ አለመሆኗን ያውቅ ነበርና።»

«ለምን ያለብሳታል?» አለ ሲፕስ። «ሰው ገድሎ ፈረስ ማልበስ የምን ሥራ ነው?»

«እኔም ይህን ነው ስጠይቅ ያረፈድኩት» አለች አዮኒ። «አሁን ግን በርዷታል። እስቲ አንዳችሁ ሌላ ልብስ አልብሷት።»

ከተሳቢው አረንጓዴ ልብስ ወጣ። ሲፕስ አንገትና ጭራውን መለየት አልቻለም፤ ራሱ አፍሮ ለዌልደን አቀበለው። ዌልደን ደረቷን ቆልፎ፣ ሆዷን አስሮ፣ ከዳሌዋ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ንጽሕናዋን በዓይኑ አይቶም እግሩ አልታዘዘለትም። ቴሳ እንባዋን ጠርጋ ከእጁ ተቀበለችውና ከኋላዋ ጎንበስ አለች። ቀኙን ቆለፈች። ግራውን ስትስበው ባዝራዋ ሽምቅቅ ብላ እግሯን አነሣች።

«እንደሱ አይደለም፣ ቴሲ» አለች አርዲት። «ጠባሳዋን ይፍቃታል።»

ይህን ስትል ተራምዳ ደርሳ ነበር። ከእጇ አንጓ ላይ የሱፍ ማሞቂያዋን አወለቀች፣ ማሰሪያውን አሾለከችበት፣ ሳታይ፣ በጣቶቿ ብቻ፣ በጭኗ ውስጥ ከጠባሳው ትክክል ላይ አሳረፈችው። ዳልያ እግሯን መልሳ መሬት ላይ አኖረች። አርዲት መቆለፊያውን ይዛ እንደ ጎነበሰች ቀረች። ቀና አላለችም።

«ምን ጠባሳ?» አለች ቴሳ።

«ሳትወለጂ ሽቦ ቆርጧት ነው» አለች አርዲት፣ እንደ ጎነበሰች። «ያን ሌሊት የሰፋናት እኔና እናትሽ ነን። ሽፋኑን ሠርታ የሰጠችኝ እሷ ናት።»

አዮኒ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለሌሎቹ በሰማያዊው ልብስ ማሰሪያ ላይ ስላገኘችው የሱፍ ሽፋንና ስለ ታጠበው የመጫወቻ ብረት ነገረቻቸው። አርዲት አላስተባበለችም። ለመቀመጥ ባልዲ ሲያቀርቡላት እምቢ ብላ፣ መዳፏን ባዝራዋ ዳሌ ላይ አድርጋ፣ ለማንም ሳይሆን ለቴሳ ብቻ ተናገረች።

ሌሊት ብርዱ ቀስቅሷት፣ የባዝራዋን ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። ሣሩ ላይ የጨዋታው ብረት ስላደናቀፋት፣ ጠዋት ፈረስ እንዳይረግጠው ብላ አነሣችው። ገመዱ ጋ ስትደርስ ሮይስ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ግንባሩን ባዝራዋ ዳሌ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። ይህ የባዝራዋ የመጨረሻ ጉዞ ነው አላት። ቤት ሲገቡ ሐኪም አስመጥቶ ሊያስገድላት ነው፤ ለዌልደን ነግሮታል፣ ለልጁ ግን አልነገረም። ጠዋት ጠዋት ያንን መስኮት ስታይ ማየት አልችልም አላት። አርዲት ለመነችው። እኔ ልውሰዳት አለችው። አይሆንም፣ የትም ሆና በሕይወት እስካለች ድረስ ሌኖራን ስትጠብቅ አውቃለሁ አላት።

«ስመታው ብረቱ እጄ ላይ መሆኑን ያወቅሁ አይመስለኝም» አለች። «ከወደቀ በኋላ ጠራሁት። ብዙ ጠራሁት። ከዚያ አየኋት፤ ትንቀጠቀጥ ነበር። ልብሱ ደግሞ ትከሻዬ ላይ ነው። … ብርድ ነበረ፣ ቴሲ።»

ዌልደን ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ ቦርሳውን መኪናው ውስጥ መልሶ አስቀመጠ።

«ሊገድሏት ሲሉ ዝም አልሽ» አለች ቴሳ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ገርሟት የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

«ዝም አልኩ። ብናገር ማን ይቀርልሻል? ባዝራዋ ትሻልሽ ይሆን እኔ እሻልሽ ብዬ፣ ጠዋቱን ሙሉ አንቺን እያየሁ መረጥኩልሽ። መምረጥ የኔ አልነበረም።»

ረዳቱ ካቴናውን አውጥቶ አዮኒን አየ፤ አዮኒ ራሷን ነቀነቀች፣ ገና ነው ማለቷ ነበር።

ቴሳ ወደ ገመዱ ሄደች። የዳልያን ለኮ፣ የታሰረችበትን ገመድ፣ በአንድ ስበት ፈታችው፤ ባዝራዋን ዞር አድርጋ ወደ አክስቷ መራቻት። ለኮውን በአርዲት መዳፍ ውስጥ አኖረች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት፣ እንዳይለቁት አድርጋ። አርዲት ስሟን ጠራች። ቴሳ ቀና ብላ አላየቻትም፣ ባዝራዋንም አልዳሰሰቻትም።

ሁለቱንም ትታ፣ ያባቷን ኮት ጠበቅ አድርጋ ሜዳውን አቋረጠች። ተሳቢውን ከአባቷ ፒክአፕ መኪና ፈታ እዚያው ተወችው፤ በሩን ከፍታ ገባች። ዌልደን ጥቂት ተራምዶ ተከተላትና የሚላት ቢጠፋው ቆመ። ሞተሩ ተነሣ። መኪናው በጠጠሩ መንገድ፣ በሲፕስ መኪና ቤት አጠገብ አልፎ፣ ዳገቱን ወጣ።